ማሽኑ ያላየው አንድ ሰዓት ከአርባ

እንቅልፍ እምቢ ብሏል። ረፋዱ አራት ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ በመጋረጃው ጠርዝ ሾልካ ግድግዳው ላይ ተዘርግታለች፣ ከላይኛው ፎቅ ያለችው ሴትዮ እንደ ልማዷ ወንበር ትጎትታለች፣ ምን ያለ ወንበር እንደሆነ እንጃ ተጎትቶ ተጎትቶ የማያልቅ፣ ከታች የቆሻሻ መኪናው ያቃስታል፣ አቶ ደቂቃ ደግሞ አንሶላውን እስከ አገጩ ስቦ ጣሪያ ያያል። ሌሊቱን ሙሉ የሰው አንሶላ ሲያጥብ አድሮ የገዛ አንሶላው አልሞቀው አለ። ስምንት ሰዓት ላይ ሰው ፊት ቀርቦ መናገር አለበት፤ ለመናገር ልብ ያስፈልጋል፣ ለልብ ደግሞ ሦስት ሰዓት እንቅልፍ፣ እሱ ግን ያለው ዓይን ብቻ ነው፣ ያውም በርበሬ የመሰለ ዓይን። አቶ ደቂቃ እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። አገሩ ሳለ ሃያ ስድስት ዓመት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ ተቀምጦ የሠራተኛውን መግቢያና መውጫ ሰዓት ይመዘግብ ነበር፤ ላረፈደ ሰው «ሦስት ደቂቃ!» ብሎ ጮክ ብሎ ሲያነብበት ሰውየው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይወድ ነበር። ስሙን ያወጡለት እነዚያ ያረፈዱት ናቸው፣ እንኳንም አወጡለት፣ ወዶታል። ፋብሪካው ተዘግቶ፣ ቤት መዋሉ አንገብግቦት፣ በሃምሳ አምስት ዓመቱ ወደ ሰው አገር ሲሻገር ይዞት የመጣው አንድ ሻንጣ፣ አንድ የእጅ ሰዓትና ይህንኑ ስም ነው። ሰዓቱ እስካሁን የሚሄደው በአገር ቤት አቆጣጠር ነው። ሲነጋ አሥራ ሁለት ይላል፣ ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የዚህ አገር ሰዎች ግን ቀናቸውን የሚጀምሩት በእኩለ ሌሊት ነው። «ሰው ተኝቶ ቀን ይጀመራል እንዴ?» ይላል አቶ ደቂቃ፤ አራት ዓመት ሙሉ በዚህ ነገር ሲስቅ ኖሯል።

የሚሠራው የሆስፒታል ጨርቅ በሚታጠብበት ትልቅ ማጠቢያ ቤት ነው፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት። ድፍን ስምንት ሰዓት። በወረቀት። መግቢያው ላይ ጣት የሚያነብ ማሽን አለ፤ ጣትህን ትጭናለህ፣ ጢጥ ይላል፣ ገባህ፤ ደግመህ ትጭናለህ፣ ጢጥ፣ ወጣህ። የአቶ ደቂቃ አሻራ በሳሙናና በበረኪና ብዛት ተልጦ አልቋልና ማሽኑ ቶሎ አያውቀውም፤ ጣቱን ግንባሩ ላይ አሽቶ ወዝ ካልቀባው እሺ አይልም። «እኔን ሳያውቀኝ ሰዓቴን ያውቃል?» እያለ ይነጅሰዋል። ጉዱ ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ ማሽኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ወጡ ይላል፣ ሰዎቹ ግን አልወጡም። ጣታቸውን ጭነው፣ ወጣን ብለው፣ ተመልሰው የቀረውን አንሶላ ያጥፋሉ፣ የቀረውን ጋሪ ይገፋሉ፣ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት። ባለፈው ወር አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ልክ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ፣ የአንሶላ ተኳሿን ቀኝ እጅ ትልቁ መተኮሻ ማሽን ያዘው። ተኳሿ የሌላ አገር ሴት ናት፣ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ፣ ሳቅ የማይጠፋት ሴት፤ ያን ጊዜ ግን አልጮኸችም፣ እጇን እንደ ሌላ ሰው እጅ ቆማ ታየዋለች፣ ቀዩን ቁልፍ ሮጦ የተጫነው እሱ ነው፣ ሽታው ደግሞ ይኸው እዚህ ክፍል ድረስ አለ፣ መስኮት ቢከፍት አይወጣም። ከዚያ ኩባንያው ምን አደረገ? ማሽኑን ጠየቀ። ማሽኑም አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጥታለች አለ። እንግዲያው ሥራ ላይ አልነበረችም፣ ሥራ ላይ ላልነበረ ሰው የሥራ አደጋ የሚባል የለም፣ ምን ልታደርግ እንደተመለሰች እሷ ትወቅ። ሕክምናውም በራሷ፣ ቤት የምትውልበትም ቀን በራሷ፣ እጁ ሳይድን ቢቀርም በራሷ። ከሳለች። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ተቆጣጣሪዋ ትመጣለች። ተኳሿ እዚያ እንደነበረች በጽሑፍ የያዘ ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አልጋው ላይ የሚገላበጠው ይኸው ሰውዬ። ልማድ ክፉ ነው፣ እጁ አያርፍም፤ በገባ በመጀመሪያው ሌሊት ትንሽ ደብተር ገዝቶ ማን መቼ ገባ፣ ማን መቼ ወጣ እያለ መጻፍ የጀመረ አራት ዓመት አላቋረጠም። ማንም አላዘዘውም። እናቱ ብትኖር «አንተ ሰው፣ ሲኦል ብትገባ እንኳ በሩ ላይ ቁጭ ብለህ ትመዘግባለህ» ትለው ነበር።

ደብተሩስ ደህና፤ ግን ማን ጀመረው ይህን ጣት ጭኖ መመለስ? ጣሪያውን ይጠይቃል። ጣሪያው ዝም ይላል፣ መልሱን ያውቀዋላ። እሱ ነው የጀመረው፣ ሌላ ማን ሊሆን። ገና በገባ በሁለተኛው ሳምንት አሥራ ሁለት ሰዓት ሞላ፣ ጣቱን ግንባሩ ላይ አሸት አድርጎ ጫነ፣ ጢጥ አለ፣ ዞር ሲል ተኳሿ ሁለት ጋሪ ሙሉ አንሶላ ፊቷ ተቆልሎ ብቻዋን ቆማለች። ትልቅ አንሶላ ደግሞ ለብቻ አይታጠፍም፤ አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ይዞ ነው። እንግዲህ ምን ያድርግ? ሰው ሥራ ላይ እያለ «ደህና ዋይ» ብሎ ጀርባ መስጠት ያሳደጉት ሰዎች ያላስተማሩት ነገር ነው። ተመለሰና ጫፉን ያዘላት። እንደገና ጣት መጫን ግን ነውር መሰለው፤ ለሰው እጁን አበድሮ «ጻፉልኝ» ማለት? ምን ሆኖ! በማግስቱ እሷ በተራዋ አፍራ የሱን ጋሪ ልትገፋ ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን የማድረቂያዎቹ ሰዎች «እኛስ ምን ቆርጦን እንሄዳለን» አሉ። እሱ ይሉኝታ የኛ አገር ብቻ ይመስለው ነበር፤ ለካ እንደ ጉንፋን ይተላለፋል። ከዚያ አለቃው አየ። አየና ደስ አለው፣ «እንዲህ ነው እንጂ ቤተሰብ!» አለ፣ ወሩ ሳያልቅ በየሌሊቱ የሚመጣው ጨርቅ በአራት ጋሪ ጨመረ፣ ዓመት ሳይሞላ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ሰው በክፉ ዓይን የሚታይ ሆነ። አንዲት ሴትን ጫፍ ይዞ ለማገዝ የተመለሰ ሰው ነው ይህን ሁሉ ያመጣው። እጇንስ? እጇንም እሱ ነው እንዴ ያቃጠለው? አይ፣ እንዲያ አይባልም፣ ማሽን ነው ያቃጠላት። ግን ሐሙስ ዕለት ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ እዚያ ያቆማት ማን ነው? ይገላበጣል፣ ትራሱን ይገለብጣል፣ ቀዝቃዛው ጎንም ወዲያው ይሞቃል።

አለቃው ያገሩ ልጅ ነው። ሠራተኛው ሁሉ «ችግር የለም» ይለዋል፣ ከአፉ ስለማትጠፋ፤ የሌላ አገር ሰዎች እንኳ አማርኛ የሚያውቁት ይህችኑ ሁለት ቃል ነው። ማሽን ቢቆም ችግር የለም፣ ሰው ቢቀር ችግር የለም፣ ጣራ ቢያፈስ ችግር የለም። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ምንኛ በቀለለ። አቶ ደቂቃ ሻንጣውን ይዞ የሚገባበት አጥቶ ሲቆም «ጋሼ፣ እኔ ጋ» ብሎ፣ ሚስቱን ልጆቹ ክፍል አስተኝቶ፣ የራሱን አልጋ ለቆ ሁለት ሳምንት ሶፋ ላይ የተኛ፣ ሥራውን ያስገባው፣ ፎርሙን የሞላለት፣ ጉንፋን ሲይዘው መድኃኒት ይዞ የመጣ ልጅ ነው። ይህ ውለታ የት ይገባል? ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ተከትሎት መጣ። «ጋሼ፣ ደከመህ አይደል?» ይለዋል። «ሥራ መቼ ያደክማል፣ ሰው ነው እንጂ» ይላል አቶ ደቂቃ። ልጁ ሳቀ፣ ሳቁ ግን ጥርሱ ላይ ቀረ። ከኪሱ ወረቀት አወጣ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ የቆየሁት በገዛ ፈቃዴ፣ ለመረዳዳት ብዬ ነው፣ ማንም አላዘዘኝም፣ ፊርማ። «ለኔ ብለህ ጋሼ። አንተ ከፈረምክ ሁሉም ይፈርማሉ፣ አንተን ነው የሚያዩት። ያቺ ደብተርህ ደግሞ… ሰው ደብተር ይጥል የለ? አውቶቡስ ላይ ይረሳል፣ ችግር የለም።» «እጇስ?» «ለእጇ እናዋጣለን። እኔ ራሴ የመጀመሪያው እሆናለሁ።» ያደርገዋልም፣ አቶ ደቂቃ ያውቃል። «ውልህ ስድስት ሳምንት ነው የቀረው፣ የማሳድስልህ ደግሞ እኔው ነኝ» አለ፤ ለማስፈራራት አላለውም፣ ለልመና ነው ያለው፣ ያ ደግሞ ይብሳል። አውቶቡሱ መጣ። ወረቀቱን ሳይፈርም ኪሱ ከቶ ገባ፣ አሁን ወረቀቱ ወንበሩ ላይ ካለው ሱሪ ኪስ ውስጥ ነው።

ትራሱ ሥር ደግሞ ሌላ ወረቀት አለ። ተኳሿ ከቢሮው በብዙ ቋንቋ ከታተሙት በራሪ ወረቀቶች መካከል የሱን ፊደል አይታ «ይኼ ያንተ አይደል?» ብላ ያመጣችለት ነው፣ በግራ እጇ። ተርጓሚው ማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው፤ ቋንቋው ከዛፍ የወደቀ ይመስላል፣ አቶ ደቂቃ በቀይ እስክሪብቶ እያረመ ነው ያነበበው፣ ታርሞ ግን ምን ያለ ወረቀት ወጣው! በአሠሪው ሥር የምትቆይበት ጊዜ ሁሉ የሥራ ሰዓት ነው ይላል። ግድ ሆኖብህ የምትለብሰው ልብስ ካለ፣ ስትለብስና ስታወልቅ ያለው ጊዜ ይቆጠራል። እንዴ! ያ ከእግር እስከ ራስ የሚሸፍነው ቱታ፣ ጓንቱ፣ ቦቲው፣ ከሥራ በኋላ ግዴታ የሆነው ሻወር፣ ሃያ ደቂቃ ሲመጡ ሃያ ደቂቃ ሲሄዱ፣ ያ ሁሉ ይቆጠር ኖሯል? ማሽኑ እኮ ያለው ከልብስ መቀየሪያው ወዲያ ነው። በአንዱ ሥራና በሚቀጥለው መካከል አሥራ አንድ ሰዓት ዕረፍት አለህ ይላል። ትርፍ ሰዓት የሚሠራው ተጠይቀህ እሺ ስትል ነው፣ እምቢ ብትል አትቀጣም። ከዚያ ሦስት ጊዜ ያነበበው፣ ተነሥቶ ቆሞ ያነበበው መስመር መጣ፤ አሠሪው ሠራተኛው ሲሠራ እያየ ዝም ካለ፣ እንዳዘዘው ይቆጠራል። እያየ ዝም ካለ! ከሥሩ ደግሞ፤ ሠራተኛው ቢፈርም እንኳ እነዚህን መብቶች አሳልፎ ሊሰጥ አይችልም። በቃ። እንግዲያው የችግር የለም ወረቀት አፍንጫ ለመናፈጥ ካልሆነ ለምንም አይሆንም። አቶ ደቂቃ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ብቻውን ሳቀ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ሰዓት ሲመዘግብ ኖሮ ሰዓቱ የማን እንደሆነ የሚናገር ወረቀት አንድ ቀን አላነበበም። ምስክር የሆነ ሠራተኛ በመመስከሩ አይባረርም ይላል ደግሞ፤ ውሉ ሲያልቅ ይታደስለታል ግን አይልም፣ እዚያ ላይ ወረቀቱም ዝም ብሏል። ይህችን ልብ ብሏል። ቢሆንም ልቡ ሙሉ ነው፣ የሚያውቅ ሰው ልብ። እንቅልፍ ያሳጣው ፍርሃት አይደለም፤ ሌላ ነገር ነው፣ ስሙን ግን ገና አልጠራውም።

ስልኩ ጮኸ። አምስት ሰዓት ሆኗል፣ ታላቅ እህቱ ናት፣ ከሷ በቀር በዚህ ሰዓት የሚደውል የለም።

«አልተኛህም?»

«ተኝቻለሁ።»

«ተኝተህ ነው የምታወራኝ? ውሸትህ እንኳ እንደ ልጅነትህ ነው።»

እሷም እዚያው ፋብሪካ ነበረች፣ ክር በሚጠነጠንበት ክፍል፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በእግሯ ቆማ። ነገራት፤ ስለ ተኳሿ፣ ስለ ደብተሩ፣ ስለ ልጁ ውለታ፣ ስለ ውሉ። እየነገራት ሳለ ያ ስሙን ያልጠራው ነገር አፉ ላይ መጣ። የተማሪ ዩኒፎርም ጨርቅ ትእዛዝ የመጣበት ዓመት ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ ሠራተኛው ከሰዓቱ በላይ እየቆየ ይሠራል፣ እሱ ይመዘግባል፣ እናም በሩ ላይ ወሬ ተነሣ፣ «ለእህቱማ ሳትሠራም ይጽፍላታል» አሉ። አቶ ደቂቃ ይህን ሰማ። ምን አደረገ? ስሙ እንዳይነሣ ብሎ የሠራችውንም አልጻፈላትም። የሁሉም ተጻፈ፣ የሷ ባዶ። ሰው እንዳያማው ብሎ የገዛ እህቱን ሰዓት በላ። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት፣ ስንት ስልክ፣ ስንት «እንዴት ነሽ እትዬ»፣ አንድ ቀን አላነሣውም።

«እትዬ» አላት፣ «ያኔ የዩኒፎርሙ ጊዜ…»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ባዶውን ነዋ! መዝገቡን ስትሞላ ከኋላህ ተሰልፌ አይደል የማየው? ከኔ በላይ ላለችው ተጽፏል፣ ከኔ በታች ላለችው ተጽፏል፣ እኔ ጋ ስትደርስ እጅህ ይዘላል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ወንድሜ አይደለህ? አፌን ብከፍት ከሥራህ ትባረራለህ። ሁለት ወር ማታ ማታ እግሬን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ አንተን እየረገምኩ ዝም አልኩልህ።»

ዓይኑ ሞላ፣ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በካልሲው ቆሞ። «ይቅር በይኝ እትዬ» አለ፣ ቃሉ ሲወጣ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

«ዱሮ ይቅር ብዬሃለሁ፣ ባልልህማ ስልክ ምን ያስደውለኛል። አሁን ስማኝ፤ እኔ ዝም ያልኩት እህትህ ስለሆንኩ ነው። ያቺ ሴትዮ ግን እህትህ አይደለችም። የማን ዕዳ አለባትና ነው ላንተ ስም፣ ለዚያ ልጅ ውለታ ዝም የምትለው?» «በል ተኛ» አለችው። መልሳ ደግሞ «አይ፣ አሁን ተኝተህ መቼ ትነቃለህ፣ ፊትህን ታጠብና ሂድ» አለች።

ታጠበ። ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ፣ ደብተሩን ደረት ኪሱ ከተተ፣ አሁን አውቶቡስ ላይ ነው፣ አሁን ደግሞ ማጠቢያ ቤቱ በር ላይ፤ በቀትር አይቶት አያውቅም፣ በቀትር ሲያዩት ሚጢጢ ነው። በልማድ ጣቱን ግንባሩ ላይ ሊያሽ እጁን አነሣና መልሶ አወረደው። ከላይ ባለችው ትንሽ የስብሰባ ክፍል አራት ወንበር አለ። ተቆጣጣሪዋ አጠር ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት፤ ተኳሿ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተቀምጣለች። በስልክ ሊያስተረጉም የነበረው ሰው መስመሩ እየተቆራረጠ ሦስት ጊዜ ጠፋ። አቶ ደቂቃ የዚህን አገር ቋንቋ ይሰማል፣ ለመናገር ግን ምላሱ ይተሳሰራል። ችግር የለም በሩ ላይ ቆሞ ነበርና «ችግር የለም፣ ያገሬ ሰው ነው፣ እኔ እተረጉማለሁ» አለ። ተቆጣጣሪዋ ተኳሿን አየች፣ ተኳሿ ትከሻዋን ነቀነቀች፣ ልጁ ገብቶ ተቀመጠ። እግዜር ሲያመጣው እንዲህ ነው፤ ዳኛውም ከሳሹም አስተርጓሚውም አንድ ጠረጴዛ።

ደብተሩ ተከፈተ፣ የሐሙሱ ገጽ። ፊደሉን ማንበብ የሚችል ከሁለቱ ያገር ልጆች በቀር የለም። «ምን ይላል?» አለች ተቆጣጣሪዋ። ልጁ ጎንበስ ብሎ አነበበ፣ ቀና ሳይል ተረጎመ፤ «አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ተኳሿ እጇ ተቃጠለ፣ ይላል።» ቃል በቃል። አንዲት ፊደል አልዋሸም። ተቆጣጣሪዋ ግንባሯን ቋጠር አደረገች። በነሱ አቆጣጠር አንድ ከአርባ ማለት ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ነው፣ ሥራው ገና ግማሽ ሳይደርስ፣ ማሽኑም ተኳሿ ውስጥ ናት በሚልበት ሰዓት። «እሷ ጠዋት ነው ብላኝ ነበር» አለች፣ «ግን የታመመ ሰው ሰዓት ቢሳሳት አይገርምም። እንዲህ ከሆነ በመደበኛ ሰዓቷ ነው የተቃጠለችው፤ የሥራ አደጋ ነው፣ ነገሩ አለቀ ማለት ነው» ብላ እስክሪብቶዋን አነሣች።

ልጁ በአማርኛ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ለማለት በሚቻል ድምፅ፣ «ተወው ጋሼ። እሷም ትታከማለች፣ አንተም ትታደሳለህ፣ እኔም እተርፋለሁ። አልዋሸህም፣ አልዋሸሁም» አለው። አቶ ደቂቃ ገጹ ላይ አቀረቀረ። እውነቱን ነው እኮ! ምን ጎደለ? እጇ ይታከማል፣ ልጆቿ ይበላሉ፣ ውለታው ይከፈላል፣ ስድስት ሳምንቱ ዓመት ይሆናል። የሚጠፋው አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ብቻ ነው፣ የሷም የሱም የማድረቂያዎቹም ሰዎች፣ የአራት ዓመቱ ጠዋት ሁሉ፣ እሱ ደግሞ መጀመሪያም በማሽኑ አልታየም፣ ማን ይጠይቃል? እጁ ይዘላል፣ በቃ፣ ሌላው ይጻፋል እንዲህ ያለው ባዶ ይቀራል፣ እሱ እንደሆነ ይህን ሥራ ያውቅበታል። ቀና አለ። ተኳሿ ፋሻዋን እያየች ነው። «ጠዋት ይመስለኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ፣ «ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ይመስለኝ ነበር… እንጃ፣ ተሳስቼ ይሆናል።» የተቃጠለችበትን ሰዓት! የራሷን እጅ! ሰው ይህን ተጠራጥሮ እንዲሄድ ይደረጋል? ደሙ ፈላ።

ተነሣ። የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት ሥር ያዘው፤ የግድግዳው ሁለት ሰዓት ተሩብ ይላል፣ የሱ ስምንት ሰዓት ተሩብ። «የኔ ሰዓት» አለ በተሳሰረ ምላሱ፣ ደብተሩን እየነካ፣ «ደብተር፣ በዚህ ሰዓት። ፀሐይ ወጣ፤ አሥራ ሁለት። ከዚያ አንድ። አንድ ከአርባ፣ ጠዋት። እሷ ልክ።» ተኳሿ ቀና አለች። «ማሽን ይላል፣ ወጣች። አልወጣች። እኔ አልወጣሁ። ሁሉም አልወጣ። መጀመሪያ እኔ፣ የኔ ስሕተት።» ከዚያ ወደ ልጁ ሳያይ፣ ማየት ስላልቻለ፣ «እሱ አየ። ዝም አለ» አለና ያን በራሪ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያን መስመር በጣቱ ወጋው። አሻራ የሌለው ጣት መሆኑን ማንም ልብ አላለም። ተቆጣጣሪዋ ወደ ልጁ ዞረች። «እውነት ነው? በእናንተ አገር ሰዓት እንዲህ ነው የሚቆጠረው?»

አሁን ሁሉ ነገር በዚህ ልጅ አፍ ላይ ነው። አይደለም ቢል፣ ሽማግሌው ተምታቶበታል ቢል፣ ማን ያውቃል? ልጁ ሰዓቱን አየ፣ ተኳሿን አየ፣ አንገቱ ሥር ላብ አለ። «አዎ» አለ በመጨረሻ። «እናቴም ስትደውል በዚሁ ነው የምትቆጥረው።» ከዚያ ሁሉንም ተረጎመ፣ የራሱን ዝምታ ጭምር፣ ምንም ሳያስቀር። ተቆጣጣሪዋ ጻፈች፤ አደጋው የደረሰው ከሥራ ሰዓት በላይ፣ በአሠሪው ዕውቅና፣ በሥራ ላይ እያለች። ፈረመች፣ ተኳሿም በግራ እጇ ፈረመች፣ ፊርማው ጠማማ ነው ግን ፊርማ ነው። አልቅሳ ነበር፣ ስቃም ነበር፣ አቶ ደቂቃን አገጩን ይዛ አንድ ነገር አለችው፣ በራሷ ቋንቋ፣ ሳይተረጎም ገባው።

«እንግዲህ ሌሎቹን እንይ» አለች ተቆጣጣሪዋ፣ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ከፍታ። ሰው በሰው፣ ቀን በቀን፣ አቶ ደቂቃ ያነባል፣ ልጁ ይተረጉማል፣ እሷ ትጽፋለች። አንድ ገጽ ላይ ልጁ ሊተረጉም አፉን ከፍቶ ቆመ። የገዛ ስሙ ነው። «ይህስ?» አለች። «እኔ ነኝ» አለ። «መልካም፣ እርስዎንም እንመዘግባለን» አለችና ልትጽፍ ስትል የግድግዳው ሰዓት አራት፣ የአቶ ደቂቃ ደግሞ አሥር ሆነ። እስክሪብቶዋን በመስመሩ መሃል ከደነችው። «የሥራ ሰዓቴ አልቋል። ነገ ጠዋት እንቀጥላለን።» ልጁ «ሦስት መስመር ብቻ እኮ ነው የቀረን» አላት። «ነገም ይኖራሉ» አለች፣ ኮቷን ለበሰች፣ ቻው ብላ ወጣች። ይቅርታ አላለችም፣ አልተሽኮረመመችም፣ ወደ ኋላም አላየች። አቶ ደቂቃ አፉን ከፍቶ አያት፣ ከዚያ ሳቁ መጣ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ አይ ሴትዮ! አይ ሴትዮ ጀግና! በጎደሎ መስመር ላይ ተነሥቶ መሄድ ይቻል ኖሯል፣ ሰማይም አልተደፋ፣ አንሶላውም አልተቃጠለ። ተኳሿም ልጆቿን ከትምህርት ቤት ልትወስድ ሮጠች።

ኮሪደሩ ላይ ሁለቱ ያገር ልጆች ቀሩ። አቶ ደቂቃ ደብተሩን ኪሱ እየከተተ፣ «ውሌን ባታድስልኝም አልቀየምህም፣ ውለታህን ግን አልረሳም» ሊለው አሰበ። ልጁ ቀደመው።

«ጋሼ፣ እኔንም ትጽፈኝ ነበር?»

«የገባ የወጣ ሁሉ ይጻፋል።»

«ያለፈው ሳምንት ስንት ይላል?»

ገለጠለት። «ያየሁትን ነው የጻፍኩት፣ መግቢያህን ብቻ ከዘበኛው ጠይቄ። እኔ ሦስት ሰዓት ከአርባ ስመጣ ካንተ ቀድሜ አላውቅም፣ ዘበኛው ሦስት ላይ ነው የገባው ይለኛል። ጠዋት ሁለት ላይ ስሄድም እዚያው ነህ። በቀን አሥራ አንድ ሰዓት፣ ስድስት ቀን፣ ስልሳ ስድስት። ሰባተኛውን ቀን እኔ አልነበርኩም።»

«ሰባተኛውንም ነበርኩ» አለ ልጁ። ግድግዳውን ተደግፎ በጣቱ ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ። «ሰባ ሰባት» አለ። ድምፁ ተቀየረ። «ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ከመሄዷ በፊት በሳምንት ሰባ ሰዓት ትሠራለህ ብላኝ ነበር፣ ጋሼ። አጋነንሽ ብዬ ጮህኩባት።»